የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ማውረድ፦ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችና ለሚያግዟቸው ሁሉ

በኢትዮጵያ ገጠር ከባድ የአእምሮ ሕመም የያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ አንድም ጊዜ ዘመናዊ ሕክምና ሳያገኙ ዓመታት ያሳልፋሉ። ለእነዚህ ሕመሞች ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ብዙዎቹ ግን ለአሥርት ዓመታት በሥራ ላይ የቆዩና ዋጋቸውም ያልከበደ ነው። ሕክምናው ራቅ ብሎ በመቀመጡ ነው ሰው የሚቀረው። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ዛሬ በየክልሉ በበርካታ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቢኖርም፣ የታመመ ልጇን ይዛ ከቀበሌዋ ወደ ዞን ከተማ በየወሩ መመላለስ ያለባት እናት የመኪናውን፣ የማደሪያውንና የአጃቢውን ወጪ ከሁለትና ከሦስት ጊዜ በላይ አትችለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ሐኪም በሌለበት ቦታ የአእምሮ ሕመምን በመደበኛ ጤና ባለሙያዎች ለማከም የሚያስችል መርሐ ግብር በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርጎ፣ ኢትዮጵያም በ2010 እ.ኤ.አ. በጥቂት ጤና ተቋማት መሞከር ጀመረች። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያን፣ ሕንድን፣ ኔፓልን፣ ደቡብ አፍሪካንና ኡጋንዳን ያካተተ አንድ የምርምር መርሐ ግብር በጉራጌው ሶዶ ወረዳ (ከወላይታዋ ሶዶ ከተማ ጋር እንዳይምታታ) አገልግሎቱን በጤና ጣቢያዎች ዘረጋ። በዚያው አካባቢ ተካሂዶ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ንጽጽራዊ ጥናትም፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሲታከሙ የሚያገኙት ለውጥ በአእምሮ ሕክምና ነርስ ሲታከሙ ከሚያገኙት ያነሰ እንዳልሆነ አሳይቷል። እንግዲህ በጤና ጣቢያ ማከም መቻሉ አያጠራጥርም። ያስቸገረው የተጀመረውን ማዝለቁ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሥራው በሥልጠና ተጀምሮ በሥልጠና ያበቃል። የሠለጠነችው ነርስ ወደ ሌላ ወረዳ ትዛወራለች፣ መድኃኒቱ በሦስተኛው ወር ያልቃል፣ ተስፋ አድርጎ የመጣው ቤተሰብም ባዶ እጁን ተመልሶ ዳግም ላይመጣ ይቆርጣል። በዚህ መመሪያ ስሌቱና መድኃኒቱ ቀድመው፣ ባለሙያውና ደጋፊ ክትትሉ ተከትለው፣ ማኅበረሰቡን መቀስቀስ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስንት ሰው ይጠበቃል?

በአንድ ጤና ጣቢያ ክልል በአማካይ 25,000 ሰው እንደሚኖር ይታሰባል። በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት የተካሄደ የቆየ ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2 የሚሆኑት በዚሁ አገልግሎት አብሮ የሚታከመው የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አግኝቷል፤ በዚህ ስሌት ጤና ጣቢያው ወደ 130 የሚጥል በሽታ ታካሚዎች ሊኖሩት ይችላሉ። እዚያው ቡታጅራ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎች ተጠይቀው፣ ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ሐሳብን የሚያዛባ ሕመም) የታየባቸው ከ1,000 ሰው ወደ 5፣ ባይፖላር (ስሜትን ከልክ በላይ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ሕመም) የታየባቸውም እንዲሁ ወደ 5 እንደሆኑ ተገምቷል። ከ25,000ው ሰው ወደ 12,000 የሚጠጋው በዚህ ዕድሜ ክልል ውስጥ ነው ቢባል፣ ከሁለቱ ሕመሞች ወደ 120 ሰው ይጠበቃል ማለት ነው። ድባቴን፣ ጭንቀትንና ከአረቄ ወይም ከጫት ጋር የተያያዘ ችግርን ሳንቆጥር ቁጥሩ 250 ይደርሳል።

ይህ ቁጥር ኃላፊዎችን ማስደንገጥ የለበትም። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይመጡም። በመጀመሪያው ዓመት ሲሶዎቹ ቢመጡና እያንዳንዳቸው በወር አንድ ጊዜ ቢቀጠሩ፣ በሥራ ቀን አራት ሰው ገደማ ነው፤ አንድ የተመላላሽ ክፍል ሊሸከመው የሚችል ሥራ ነው። ስሌቱ በወረቀት ተጽፎ ለወረዳው ምክር ቤት መቅረብ አለበት፤ ምክንያቱም የበጀት ጥያቄ ሰሚ የሚያገኘው ከነቁጥሩ ሲቀርብ ነው።

በዚሁ ሰነድ ላይ ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ መሆኑ ይገለጽ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በቡታጅራ ለአሥር ዓመት የተከታተለ ጥናት የሞት መጠናቸው ከአካባቢው ሕዝብ በእጥፍ ያህል የበለጠ ሆኖ አግኝቶታል፤ ከሟቾቹም ግማሽ ያህሉ የሞቱት በተላላፊ በሽታ ነበር። ሳንባ ነቀርሳ ወይም ወባ የያዘውን ሰው አእምሮውን ስለታመመ ብቻ ማንም ወደ ጤና ጣቢያ ካልወሰደው የሚደርሰው ይህ ነው።

መድኃኒት አስቀድሞ

ማንኛውም ቅስቀሳ ከመጀመሩ በፊት የሦስትና የአራት ወር መድኃኒት በመጋዘን መግባት አለበት። ለመነሻ የሚያስፈልጉት ብዙ አይደሉም። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል፣ አቅም ከፈቀደ ካርባማዜፒን፤ ለስኪዞፍሬኒያና ለመሰል ሕመሞች ክሎርፕሮማዚን፣ ሃሎፔሪዶል ወይም ሪስፔሪዶን፤ መድኃኒቱ ለሚያስከትለው መገታተርና መንቀጥቀጥ ትራይሄክሲፌኒዲል፤ በየቀኑ መዋጥ ለሚቸግረው ሰው በየሁለት እስከ አራት ሳምንት የሚወጋ ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት፤ ለድባቴ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሴቲን፤ ለድንገተኛ መንቀጥቀጥ ዳያዜፓም። ሶዲየም ቫልፕሮኤት ቢገኝ እንኳ ልጅ መውለድ በምትችል ዕድሜ ላይ ላለች ሴት በጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ለጤና ጣቢያ ጅማሮ አይመከርም።

የመድኃኒት ፍላጎት ሲሰላ ባለፈው ዓመት የወጣው መጠን መነሻ መሆን የለበትም፤ አገልግሎት ያልነበረበት ዓመት ፍጆታው ዜሮ ነው፤ ዜሮ የጠየቀም ዜሮ ይላክለታል። ስሌቱ ከሚጠበቀው ታካሚ ይነሳ። ለምሳሌ 40 የሚጥል በሽታ ታካሚዎች በየሌሊቱ አንድ ባለ100 ሚሊግራም ፌኖባርቢታል ቢወስዱ በወር 1,200 እንክብል ያስፈልጋል፤ የሁለት ወር ፍጆታ ከሁለት ወር መጠባበቂያ ጋር 4,800 ይሆናል። ይህ ቁጥር ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በሚልከው የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ላይ በወቅቱ መስፈር አለበት። የፋርማሲ ባለሙያው በዕቅድ ስብሰባው ላይ ከመጀመሪያው ቀን ካልተቀመጠ ይህ ዝርዝር ተረስቶ እንደሚቀር በርግጠኝነት መናገር ይቻላል።

ፌኖባርቢታልና ዳያዜፓም ቁጥጥር የሚደረግባቸው ስለሆኑ በቁልፍ መቀመጥና በልዩ ማዘዣ መታዘዝ አለባቸው። መድኃኒቱ በመጋዘን እያለ የማዘዣው ጥራዝ ስላለቀ ብቻ ታካሚ ሊመለስ ይችላል፤ ጥራዙም እንደ መድኃኒቱ ሁሉ ክምችቱ ይታይ።

ፌኖባርቢታልን በድንገት ማቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል፣ ሰውም ሊገድል ይችላል። በገጠር ቤት ደግሞ ምድጃው ክፍት ስለሆነ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች እሳት ላይ ወድቀው እጃቸውንና ፊታቸውን ያጣሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከጎረቤት ጤና ጣቢያ በውሰት ለማምጣት የሚያስችል የጽሑፍ ስምምነት አስቀድሞ መኖር አለበት። በመጨረሻው ሣጥን ላይ ስልክ መደወል መጀመር ዘግይቷል።

ባለሙያውና የሚደግፈው

ከእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ቢያንስ ሦስት ባለሙያዎች ይሠልጥኑ፤ አንድ ጤና መኮንንና ሁለት ነርሶች ቢሆኑ መልካም ነው። አንድ ሰው ብቻ አሠልጥኖ መተው ያ ሰው በተዛወረ ማግስት አገልግሎቱን መዝጋት ነው። ሥልጠናው የአሥር ቀን ያህል ሆኖ ግማሹ ታካሚ ባለበት ክፍል ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል። አእምሮው ከታመመ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገርን፣ ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ በቀጥታ መጠየቅን፣ የመድኃኒት መገታተርን በዓይን መለየትን በስላይድ መማር አይቻልም።

ሠልጣኞቹ አጥብቀው ሊይዙት የሚገባ አንድ የሕክምና ጥንቃቄ አለ። በድንገት የተቀባዠረ፣ በተለይም ትኩሳት ያለበት ሰው፣ የአእምሮ ሕመምተኛ ተብሎ ከመመዝገቡ በፊት ወባ፣ የማጅራት ገትር፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የስኳር መውረድና የአረቄ ማቋረጥ ይፈተሹለት። በወለደች በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠባይዋ የተቀየረ ሴትም አስቸኳይ ታካሚ ናት፤ ቀጠሮ ተሰጥቷት ወደ ቤት አትሸኝ።

ከሥልጠናው በላይ የሚመዝነው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድጋፍ ነው። ከዞን ወይም ከመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ በወር አንድ ቀን ወደ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ መጥታ ከባለሙያዎቹ ጋር አብራ ታካሚ ልታይ ይገባል። መዝገብ አይቶ ፈርሞ የሚሄድ ሱፐርቪዥን ለዚህ አይጠቅምም። ነርሷ ከባድ ከባዶቹን ታካሚዎች ለቀኗ ታስቀጥራለች፣ የጤና ጣቢያው ባለሙያ እያየ ትጠይቃለች፣ ቀጥሎ እርሱ እየጠየቀ ታያለች፤ በመካከል ላለው ጊዜ ስልኳ ክፍት ይሆናል። የነርሷ የትራንስፖርትና የውሎ አበል በወረዳው በጀት ላይ ራሱን የቻለ መስመር ካልተሰጠው በሦስተኛው ወር ይቋረጣል፤ ጠቅላላ የሥራ ማስኬጃ ውስጥ የተደበቀ ገንዘብ ለሌላ አጣዳፊ ነገር መዋሉ አይቀርም።

ከወረዳው በኩል አንድ ሰው፣ የበሽታ መከላከል ኃላፊው ቢሆን ጥሩ ነው፣ ለአእምሮ ጤና ተጠሪ ሆኖ በስም ይመደብ። አብሮት የሚሠራ ኮሚቴ ይኑር፤ በኮሚቴው ውስጥም ሕመሙን ራሳቸው ያዩ ሁለት ሰዎችና ሁለት አስታማሚዎች ድምፅ ይኑራቸው። ስለ ቀጠሮ ሰዓት፣ ስለ ገበያ ቀንና ስለ መድኃኒት ዋጋ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ቀጠሮው በገበያ ቀን ከሆነ ቤተሰቡ እህሉንም ሸጦ መድኃኒቱንም ይዞ ይመለሳል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከቢሮ ሆኖ ማሰብ ከባድ ነው።

ታማሚዎችን ማግኘት

መድኃኒቱ ገብቶ ባለሙያው ከተዘጋጀ በኋላ ወደ ቀበሌ ይወጣል። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየጤና ኬላው የአካባቢውን ቤት ሁሉ የሚያውቁ ሠራተኞችን አሰማርቷል። እነዚህ ሴቶች የክትባቱም፣ የቤተሰብ ዕቅዱም፣ የመጸዳጃ ቤቱም ሥራ ላያቸው ላይ ስለሆነ አዲስ ሸክም ሲጨመርባቸው ተገቢውን ማክበር ያስፈልጋል። ከእነርሱ የሚጠየቀው ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፦ ማየት፣ መላክ፣ ከቀጠሮ የቀረውን መፈለግ። ምርመራ መስጠት አይጠበቅባቸውም።

ለፍለጋው ከእነርሱ በተጨማሪ የእድር ዳኞች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ቄሶችና ሸሆች፣ የልማድ አዋላጆችና መምህራን ተሰብስበው የግማሽ ቀን ውይይት ያድርጉ። በውይይቱ ላይ የሕመም ስሞችን መዘርዘር ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ የሰው ታሪክ መንገር ይሻላል። "ሰው የማይሰማውን ድምፅ እየሰማ ብቻውን የሚያወራ፣ ጎረቤቶቹ ሊገድሉኝ ነው የሚል፣ ገላውን መታጠብ የተወ፣ ከቤት እየወጣ ዱር የሚያድር ወጣት ታውቃላችሁ?" ተብሎ ሲጠየቅ ሰው ወዲያው በር ይቆጥራል። በኔፓል ገጠር እንዲህ ባሉ አጫጭር ታሪኮች ተመርተው የማኅበረሰብ አባላት ከጠቆሟቸው ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱ የሚጠጉት በእርግጥም ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሆነው ተገኝተዋል። "እብድ" የሚለው ቃል ከመድረኩ ፈጽሞ መጥፋት አለበት፤ ቤተሰብ ልጁን የሚደብቀው ይህ ስም እንዳይለጠፍበት ፈርቶ ነው።

በውይይቱ ላይ ሁለት ወገኖች ተለይተው ይታሰቡ። አንደኛዎቹ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ናቸው። እንደ ደቡብ ወሎና ጅማ ካሉ አካባቢዎች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ሠራተኝነት ከሄዱት መካከል ደመወዝ ተከልክለው፣ ተደብድበው ወይም ተደፍረው ታመው የተመለሱ አሉ፤ ቤተሰብ ያፍራል፣ መንደሩም ምክንያቱን በሴቲቱ ላይ ያላክካል። ከእነርሱ ጋር የሚነጋገር ባለሙያ ሴት ብትሆንና ንግግሩ ያለ ቤተሰብ ቢጀመር ይመረጣል። ሁለተኛዎቹ ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ ወዲህ ባሉት ግጭቶች ዘመድ የቀበሩና የተፈናቀሉ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው መጠለያ፣ እህልና የሚያዝን ሰው ነው፤ መድኃኒት ለሁሉም መስጠት ስህተት ይሆናል። ሐዘኑ ከእንቅልፍም ከሥራም የከለከለውን ሰው ለይቶ ማከም ግን የጤና ጣቢያው ድርሻ ነው።

የታሰረ ሰው ሲገኝ

በዚህ ሥራ ውስጥ በሰንሰለት ወይም በገመድ የታሰረ ሰው መገኘቱ አይቀርም። የቤት ለቤት ጉብኝት ያደረገ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሚያስረው ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ጨካኝ አይደለም፤ ልጁ ገደል እንዳይገባ፣ ሰው እንዳይመታ፣ ሰውም እንዳይመታው የሚይዘው ሌላ መንገድ ያጣ ቤተሰብ ነው። ማሰሩ የሰውን መብት የሚገፍ መሆኑ ሳይሸሸግ፣ ቤተሰቡን በፖሊስ ከማስፈራራት መጀመር ግን ሌላውን ታሳሪ ወደ ጓሮ የሚያሸሽ ነው።

የሚከተለው ቅደም ተከተል በተግባር የሚሠራ ነው። ባለሙያው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ቤተሰቡ ከሚያከብረው አንድ ሽማግሌ ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል። በመጀመሪያ የታሰረውን ሰው በስሙ ጠርቶ ያናግረዋል፤ ቁስሉን፣ ረሃቡንና የሰውነት በሽታውን ያያል። ሕክምናው እዚያው ይጀመራል። ቤተሰቡ ሰውየውን የሚፈታበት ሰዓት በስምምነት ይወሰናል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቀን ቀን፣ ሰው ባለበት፣ ቀጥሎ ሌሊትም ይፈታል። ባለሙያው በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ ይመለሳል። ሰውየው ራሱን ወይም ሌላውን የመጉዳት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ወይም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለውጥ ከሌለ፣ ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ አምቡላንሱ ለወሊድ ብቻ ነው የሚል መልስ እንዳይመጣ ከወረዳው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ጠበልና ጸሎት

አብዛኛው ቤተሰብ ከጤና ጣቢያ በፊት ወደ ጠበል፣ ወደ ሸህ ወይም ወደ ባህል ሐኪም ሄዷል፤ ነገም ይሄዳል። "ወይ ጠበሉን ወይ መድኃኒቱን ምረጡ" የተባለ ቤተሰብ የሚመርጠው ጠበሉን ነው፤ ይህን ግልጽ አድርጎ መቀበል ያስፈልጋል። በጋናና በናይጄሪያ ተካሂዶ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት፣ የጤና ባለሙያዎች ወደ እምነትና ባህላዊ ፈዋሾች ቦታ እየሄዱ አብረው ሲሠሩ የታማሚዎቹ የሕመም ምልክት ከተለመደው አሠራር በተሻለ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ስለዚህ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ራሱ የደብሩን አስተዳዳሪና የጠበሉን አጥማቂ፣ በመስጊድም በኩል ኢማሙን፣ ወደ ቢሮው ሳይጠራቸው በቦታቸው ሄዶ ያናግር። የሚጠየቁት ነገር ቀላል ይሁን፦ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲመጣ "መድኃኒትህን አቁም" እንዳይባል፣ ታማሚ እንዳይገረፍና ምግብ እንዳይነፈግ፣ የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ሲጾም መድኃኒቱን የሚውጥበት ሰዓት እንዲፈቀድለት። መድኃኒቱ በጠበል ሊዋጥ እንደሚችል ካህኑ በራሱ አንደበት ሲናገር ቤተሰቡ ልቡ ያርፋል። ፌኖባርቢታል በሌሊት አንድ ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ ከጾም ጋር አይጋጭም፤ ይህን ለንስሐ አባቱም ሆነ ለኢማሙ ማስረዳት ብዙ መቋረጥን ያስቀራል።

በሕክምናው ማቆየት

ከጀማሪዎቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጠፋሉ። ምክንያቱ ሲጠየቅ በቸልተኝነት ማላከክ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በቡታጅራ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውንና አስታማሚዎቻቸውን የጠየቀ ጥናት ያገኘው ሌላ ነው። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ በቤት ግን የሚበላ የለም፤ ስለዚህ ሰው ረሃቡን ለማስታገስ መድኃኒቱን ያቆማል። ይህ ነጥብ ለዕቅድ ትልቅ ትርጉም አለው። የታማሚው ቤተሰብ በልማታዊ ሴፍቲኔት እንዲታቀፍ ጤና ጣቢያው ለቀበሌው በደብዳቤ ማሳወቅ፣ በአስቸኳይ እርዳታ ጊዜም ዝርዝሩን ማቅረብ የሕክምናው አካል ተደርጎ መወሰድ አለበት።

ለእያንዳንዱ ታካሚ የክትትል መዝገብና የቀጠሮ ካርድ ይኑር። በመዝገቡ ላይ የሚጠራ የአንድ ጎረቤት ወይም ዘመድ ስልክ ይጻፍ። ከቀጠሮው አንድ ሳምንት ያለፈው ሰው ስም በየዓርቡ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይላካል፤ ይህን የማድረግ ኃላፊነት ለአንድ ነርስ በግልጽ ይሰጥ። የተረጋጋ ታካሚ በየወሩ መምጣቱ ቀርቶ የሁለት ወር መድኃኒት ቢሰጠው የመንገዱ ወጪ በግማሽ ይቀንስለታል።

ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ከመድኃኒት በተጨማሪ ቤታቸው ድረስ የሚደርስ ድጋፍ ሲያገኙ ለውጣቸው የላቀ ነው። በሶዶ የተካሄደው ሌላው የ2022 እ.ኤ.አ. ጥናት፣ ሠልጥነው ቤት ለቤት የሚሄዱ የአካባቢው ሰዎች ከጤና ጣቢያው ሕክምና ጋር ተጣምረው ሲሠሩ ታማሚዎች የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ መምራት እንደቻሉ አሳይቷል። ሥራቸው ረቂቅ አይደለም፦ ገላ መታጠብን፣ እንጨት መልቀምን፣ ከብት መጠበቅን፣ ደቦ መውጣትን ደረጃ በደረጃ ማስጀመር፣ ቤተሰቡን ማወያየት፣ እድሩ ሰውየውን ዳግም በአባልነት እንዲጠራው ማግባባት። በጀት ለሁሉም ካልበቃ ሕመማቸው ከባድ ለሆነው ብቻ ይመደብ።

ድባቴና ራስን ማጥፋት

በዚህ ረገድ መጠበቅ የሚቻለውን በልኩ መናገር ይገባል። በሶዶ አገልግሎቱ ከተዘረጋ በኋላ እንኳ በጤና ጣቢያ የሚለዩት የድባቴ ታማሚዎች ጥቂት ነበሩ። ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መጥቶ "አዘንኩ" አይልም፤ ራሴን ይመታኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል፣ ጎኔን ይወጋኛል ይላል። ስለዚህ ሁሉን ከመመርመር ይልቅ በወሊድ ክትትል፣ በሳንባ ነቀርሳና በኤችአይቪ ክፍል ለሚመጡት ሁለት ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ይጀመር፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልብ የሚያከብድ ሐዘን ነበረ ወይ፣ ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረው ነገር ጠፍቷል ወይ። በዚምባብዌ ሐራሬ አጭር ሥልጠና የወሰዱ አያቶች ከክሊኒክ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ከታማሚ ጋር ችግርን አንድ በአንድ የሚፈቱበት አሠራር የድባቴ ምልክትን በእጅጉ እንደቀነሰ በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተረጋግጧል፤ በእኛም አገር ቁም ነገረኛ እናቶች ያሉበት ቀበሌ ይህን ሊሞክረው ይችላል።

ራስን የማጥፋት ሙከራ በገጠር ብዙ ጊዜ በተባይ ማጥፊያ መርዝ ነው። የግብርና ባለሙያዎች መርዙ ከመኝታ ቤት ውጭ ተቆልፎ እንዲቀመጥ እንዲያስተምሩ ማድረግ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ስሪላንካ እጅግ አደገኛ የሆኑትን የተባይ ማጥፊያዎች ከገበያ ካስወጣች በኋላ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ ቀንሷል። ሙከራ ያደረገ ሰው ከድንገተኛ ክፍል ሲወጣ ያለ ቀጠሮ አይለቀቅ።

ገንዘብ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ባለበት ወረዳ ታማሚው ራሱ በመታወቂያው ላይ መኖሩ ይጣራ። አካለ መጠን ያለፈና አብሮ የሚኖር ልጅ ተጨማሪ ክፍያ ስለሚጠይቅ ቤተሰብ ሳያስመዘግበው ሊቀር ይችላል፤ የሚታመመው ግን ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። መክፈል የማይችሉት በየዓመቱ የድሃ ድሃ ዝርዝር ሲዘጋጅ እንዲካተቱ፣ የጤና ጣቢያው ተጠሪ ስማቸውን ከምዝገባው ወቅት አስቀድሞ ለቀበሌው ያስገባ።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ የትውልድ አካባቢ ማኅበራት ማገዝ ሲፈልጉ አብዛኛውን ጊዜ ሕንፃ ወይም ዕቃ ያስባሉ። መድኃኒት በሻንጣ መላክ በተለይ አይመከርም፤ ታካሚ በአገር ውስጥ በማይገኝ መድኃኒት ተጀምሮ ሲያልቅ መቀየር ለሕመም መመለስ ያጋልጠዋል። ማኅበራቱ ለመነሻ የመድኃኒት ግዢ፣ ለደጋፊዋ ነርስ የመንገድ ወጪና ለቤት ለቤት ሠራተኞች አበል ለሦስት ዓመት ያህል የተረጋገጠ ገንዘብ ቢሰጡ፣ ወረዳውም በየዓመቱ ድርሻውን እያሳደገ እንደሚረከበው በጽሑፍ ቢስማሙ፣ ጥቅሙ ከአዲስ ክፍል ግንባታ ይበልጣል።

ወደ ቀጣዩ ጤና ጣቢያ መቼ?

ወረዳው በሁለት ጤና ጣቢያ ይጀምር፤ አንዱ ለከተማው የቀረበ፣ አንዱ የራቀ ቢሆን ሁለቱም ችግሮች ይታያሉ። በየሩብ ዓመቱ አራት ነገር ይታይ፦ አዲስ የተመዘገቡ ታካሚዎች፣ ከስድስት ወር በፊት ከጀመሩት መካከል ዛሬ በሕክምና ላይ ያሉት፣ መድኃኒት ያለቀባቸው ቀናት፣ ነርሷ የመጣችባቸው ወራት። ለአለቃ የሚያምረው የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ውሳኔ ሊመራ የሚገባው ግን ሁለተኛው ነው። ከጀማሪዎቹ ከግማሽ በላይ በስድስተኛው ወር ካልቀጠሉ፣ ወይም ፌኖባርቢታል በሩብ ዓመቱ አንድ ቀን እንኳ ካለቀ፣ መስፋፋቱ ይቆምና ምክንያቱ ይፈለግ። ሁለት ተከታታይ ሩብ ዓመታት ካለ መቋረጥ ካለፉ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጤና ጣቢያዎች ልምድ ያካበተ አንድ ባለሙያ ለአንድ ወር ወደ ቀጣዩ ጤና ጣቢያ ተውሶ እዚያ አብሮ ይሥራ፤ የቀጣዩ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ጥያቄም እርሱ ከመድረሱ ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድሞ ይላክ።